ምዕራፍ አራት፦ ሳይጫወቱ መመዘን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 «ሳይበርፐንክ 2077» የተባለው ቪዲዮ ጌም ለገበያ ሲቀርብ፣ 8 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ገና ሳይወጣ ተሽጦ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሠሪው ከአምስት ዓመት በፊት «ዘ ዊቸር 3» በተባለው ሥራው ስሙን የተከለው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጀክት ነው። ዋጋው 60 ዶላር ነበር። ከመውጫው ቀን ጥቂት ቀደም ብለው የታተሙት ግምገማዎችም በአብዛኛው የሚያወድሱ ነበሩ። አንድ ጠንቃቃ ገዢ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ሊፈልግ ይችላል?

በሳምንቱ ነገሩ ተገለበጠ። ሶኒ ጌሙን ከፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት መደብሩ አወረደው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይንቀረፈፋል፣ ጨዋታው መሐል ላይ ራሱን ይዘጋል። ወደ መደብሩ የተመለሰው ከስድስት ወር በኋላ፣ ጁን 21 ቀን 2021 ነበር።

ገምጋሚዎቹ አልዋሹም። አስቀድሞ የተሰጣቸው ለኮምፒውተር የተዘጋጀው ቅጂ ብቻ ነበር፤ ጌሙም ጉልበት ባለው ኮምፒውተር ላይ በእርግጥ ያምር ነበር። ራሳቸው ከጨዋታው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ ግን ተከልክለው ነበር፤ ማሳየት የሚችሉት ኩባንያው ቀርጾ የሰጣቸውን ብቻ ነው። በሚሊዮኖች ቤት ተቀምጦ በነበረው አሮጌ ኮንሶል ላይ ጌሙ ምን እንደሚመስል ገምጋሚዎቹ አላዩም ነበር ማለት ነው። ዲሴምበር 14 ኩባንያው ባወጣው ይቅርታ ይህንኑ አመነ፦ ጌሙን በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ አስቀድሞ ባለማሳየቱ ገዢዎች አውቀው እንዳይወስኑ አድርጓል።

ይህን ታሪክ በመግቢያው ያስቀመጥኩት አንድ ነገር እንዲታይ ነው። ማስረጃው በሙሉ በዲሴምበር 9 ምሽት ፊታችን ነበር። የጎደለው ነገር ራሱ በግልጽ ይታይ ነበር፦ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሲጫወት የሚያሳይ፣ ገምጋሚዎች ራሳቸው የቀረጹት ምስል አልነበረም። ጌም ከመግዛት በፊት ሻጩ ምን እንዳሳየን የምንቆጥር ብዙ ነን፤ ምን እንዳላሳየን የምንቆጥር ጥቂት። እኔ የዚህን ምዕራፍ ጉዳይ የምጀምረው ከሁለተኛው ነው።

ፊሊፕ ኔልሰን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር በ1970 ባሳተመው ጥናት ሸቀጦችን በሁለት ከፍሏቸው ነበር። አንዳንዱ ከመግዛት በፊት ታይቶና ተነካክቶ ሊመዘን ይችላል፤ ሌላው ካልተጠቀሙበት ምንነቱ አይታወቅም። በዓል ሲደርስ በግ የሚገዛ ሰው ጀርባውን ዳብሶ፣ ላቱን ጨብጦ፣ ጥርሱን አይቶ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። ጌም የሚገዛ ሰው የሚዳብሰው ነገር የለውም። ከዚያም በላይ ጌም ሲሞከር የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ታሪኩን አንዴ የጨረሰ ሰው ያንኑ መገረም ዳግም አያገኘውም። የሸማቹ ጎን በተፈጥሮው ደካማ የሆነበት ገበያ ነው። በዚያው በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ቦታ መጥፎው ዕቃ ከጥሩው ጋር በአንድ ዋጋ ይሸጣል።

በአንድ ዋጋ መሸጡ በጌም ዓለም ቃል በቃል እውነት ነው። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የትልልቅ ኩባንያዎች አዲስ ጌም በአሜሪካ 50 ዶላር ነበር። በ2005 ኤክስቦክስ 360 ሲመጣ 60 ሆነ፤ በ2020 አዲሶቹ ኮንሶሎች ሲወጡ 70 ጀመረ፤ በ2025 ኒንቴንዶ «ማሪዮ ካርት ወርልድ»ን በ80 ዶላር አወጣ። ድንቁም ተራውም፣ ያለቀውም ያላለቀውም በዚያው ዘመን በዚያው ዋጋ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆሟል። ስለዚህ 70 የሚለው ቁጥር ስለ ጌሙ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ከሠሪው ጀርባ ያለውን ወጪና ሻጩ ከሕዝብ እንደሚያገኝ የገመተውን ነው።

በሌላው ጫፍ ያሉትን ስናይ ይህ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። «ስታርዲው ቫሊ» የተባለውን የእርሻ ጌም ኤሪክ ባሮን የተባለ ወጣት ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ሠርቶ በ2016 በ15 ዶላር ሸጠው፤ ዛሬ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። «ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ» ዋጋው 5 ዶላር ነው፤ በ2023 የብሪታንያው የሽልማት ድርጅት ባፍታ የዓመቱ ምርጥ ጌም ብሎ ሸልሞታል፤ በዚያው ውድድር የቀረቡት ትልልቅ ሥራዎች ከአሥር እጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ የሚሸጡ ነበሩ። ርካሽ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። በ5 ዶላር የሚሸጥ ቆሻሻ ሞልቷል። ዋጋን የጥራት መለኪያ አድርጎ የሚገዛ ሰው ግን በሁለቱም በኩል ይሳሳታል።

ታዲያ በምን ይመዘን? ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚመልሱት በሰዓት ነው። ጌሙ 60 ዶላር ከሆነና 60 ሰዓት ካጫወተ፣ ለአንድ ሰዓት አንድ ዶላር ነው፤ ሲኒማ ቤት ከመግባት ይሻላል ይባላል። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ይማርካል። እኔ ግን ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚያስወጣው ይህ ሒሳብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ ሒሳቡ ጌሙ ይጨረሳል ብሎ ይገምታል። ይህ ግምት ልክ መሆን አለመሆኑን ግን ማንም በነፃ ማረጋገጥ ይችላል። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብር፣ ተጫዋቾች አንድ ምዕራፍ ሲያልፉ ወይም ጌሙን ሲጨርሱ አቺቭመንት የሚባል ምልክት ይሰጣቸዋል፤ ከተጫዋቾቹ ውስጥ ስንቱ በመቶ እያንዳንዱን ምልክት እንዳገኘም ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጎ ያሳያል። ሊገዙ ያሰቡት ጌም ዝርዝር ውስጥ ገብተው የመጨረሻውን ክፍል ላለፈ የሚሰጠውን ምልክት ይፈልጉ። በረጃጅም ጌሞች ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ሰዓት ላለፈ የሚሰጠውን ይመልከቱና በሁለቱ መሐል ሕዝቡ የት ላይ እንደቆመ ይከተሉ። በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው በአንዴ ከጠፋ፣ እዚያ ቦታ ላይ የሚያሰለች ወይም የሚያስመርር ነገር አለ ማለት ነው። ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች በአፋቸው ያልተናገሩትን በእግራቸው የተናገሩበት ሰነድ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ አምነዋለሁ።

ሁለተኛውና ዋናው ስሕተት ሰዓትን ሁልጊዜ ትርፍ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ሰዓት ለማን ነው ትርፍ? ትምህርት ተዘግቶ ክረምቱን ሙሉ አንድ ጌም ብቻ ለሚኖረው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ 100 ሰዓት የሚወስድ ጌም በረከት ነው። ማታ ከሥራ ተመልሳ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ አንድ ሰዓት ለምታገኝ እናት ግን ያው 100 ሰዓት ዕዳ ነው፤ በሳምንት ሦስት ማታ ብትጫወት እንኳ ስምንት ወር ሊጠጋ ነው። ለእሷ ጊዜው ከዋጋው ጎን የሚጻፍ ነገር ነው። በ2007 የወጣው «ፖርታል» በሦስትና በአራት ሰዓት የሚያልቅ ጌም ነው፤ አንድም የሚጣል ደቂቃ የለበትም፤ ከወጣ ወዲህ ይኸው እስካሁን ይወደሳል። በሰዓት ሒሳብ ግን መጥፎ ግዢ ሆኖ ይወጣል። የሰዓት ሒሳብ ሠሪዎችንም ያበላሻል፤ ገዢው ርዝመትን እንደሚቆጥር ሲያውቁ ካርታውን በተመሳሳይ ሥራዎች ይሞሉታል፤ ሃያ ካምፕ አጥራ፣ ሠላሳ ላባ ሰብስብ፣ መቶ ሣጥን ክፈት።

«ሃው ሎንግ ቱ ቢት» የሚባል ገጽ ተጫዋቾች አንድን ጌም ለመጨረስ የወሰደባቸውን ጊዜ ይሰበስባል፤ ዋናውን ታሪክ ብቻ ለጨረሱ፣ ከጎን ሥራዎቹ ጋር ለጨረሱ፣ ሁሉንም ለጨረሱ ለየብቻ። ወደዚያ ሲሄዱ ትልቁን ቁጥር ፍለጋ አይሂዱ። በመጪዎቹ ሁለት ወራት በእውነት ለጨዋታ የሚተርፍዎትን ሰዓት አስቀድመው ይገምቱና ከዚያ ጋር ያስተያዩት።

አሁን ወደ ግምገማዎቹ እንምጣ። ሜታክሪቲክ የተባለው ገጽ የባለሙያ ገምጋሚዎችን ነጥብ አንድ ላይ አድርጎ ከመቶ ያወጣል። ቁጥሩ በኢንዱስትሪው ውስጥ ትልቅ ጉልበት አለው። በ2010 የወጣውን «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የሠራው ኦብሲዲያን 85 ካገኘ ጉርሻ ይከፈለው ነበር፤ 84 አገኘና ጉርሻው ቀረ። አንድ ነጥብ ይህን ያህል የሚመዝን ከሆነ ገዢም ቢመካበት አይገርምም። ነገር ግን 84ቱም 85ቱም ብዙ የተለያየ ጣዕም ያላቸው ሰዎች አማካይ ናቸው፤ አማካይ ደግሞ ጌም አይጫወትም። ገምጋሚዎች የ«ኒው ቬጋስ»ን ነጥብ ዝቅ ያደረጉበት ዋና ምክንያት ሲወጣ የነበሩበት ብልሽቶች ነበሩ፤ በምርጫና በንግግር የሚመራ ታሪክ የሚወድ ሰው ዛሬም ከምርጦቹ አንዱ ይለዋል።

ስለዚህ ነጥቡን ትቶ ቅሬታውን ማንበብ ይሻላል። በስቲም ላይ ማንኛውም ገዢ አስተያየት መጻፍ ይችላል፤ ከስሙ ጎንም ስንት ሰዓት ተጫውቶ እንደጻፈ ይታያል። ሃምሳ ሰዓት ተጫውቶ «አትግዙት» ያለ ሰው ከሁሉም በላይ ጠቃሚ ምስክር ነው፤ ጌሙን ያውቀዋል፣ የጠላውም በምክንያት ነው። እንዲህ ዓይነት አምስት ስድስት አስተያየት ካነበቡ በኋላ ራስዎን ይጠይቁ፦ እነዚህን ሰዎች ያስመረረው ነገር እኔንም ያስመርረኛል? «በጣም ይከብዳል፣ ደጋግሜ ሞትኩ» የሚለው ቅሬታ ለአንዱ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ለሌላው ግብዣ ነው። «ታሪኩ ቀርፋፋ ነው፣ ንግግር ይበዛዋል» የሚለውም እንደዚያው።

ፌብሩዋሪ 2022 «ኤልደን ሪንግ» ሲወጣ የባለሙያዎቹ ነጥብ ከምንጊዜም ከፍተኛዎቹ ተርታ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የስቲም ገዢዎች አስተያየት የተደበላለቀ ሆነ፤ በኮምፒውተር ላይ ምስሉ እየቆመ እየሄደ ያስቸግር ነበርና። ሁለቱም ወገኖች እውነት ተናግረዋል። አንዱ ስለ ሥራው ተናገረ፣ ሌላው ሥራው በእሱ ማሽን ላይ ስላለው ሁኔታ። ገዢ ሁለቱንም ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ አለበት፤ ለሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ የሚያዋጣው የራስን ማሽን የመሰለ ማሽን ላይ የተቀረጸ፣ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ፈልጎ ማየት ነው። ከመግቢያው ይልቅ ከመሐል ግማሽ ሰዓት ያህል ይመልከቱ። መግቢያው ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ሠሪዎቹ ብዙ የሚደክሙበትም እሱ ነው።

የማስታወቂያ ፊልም ግን ማስረጃ አይደለም። በ2013 የወጣው «ኤሊያንስ፦ ኮሎኒያል ማሪንስ» አስቀድሞ በታዩት ምስሎች ላይ የነበረው ብርሃንና ድባብ ገዢው እጅ ሲገባ አልነበረም፤ አሳታሚው ሴጋ በብሪታንያ ለማስታወቂያ ተቆጣጣሪው ይህንን አምኖ ተቀብሏል። የፊልም ስምም ማስረጃ አይደለም። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1982 በስፒልበርግ ፊልም ስም ያወጣውን «ኢቲ» ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በአምስት ሳምንት ውስጥ እንዲጨርሰው ነበር የተገደደው፤ ለገና እንዲደርስ። ሰዉ በስሙ ገዛው፤ ከዚያ ያልተሸጠው ካርትሪጅ በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ አላሞጎርዶ ከተማ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀበረ፤ በ2014 ተቆፍሮም ተገኘ።

ሻጩ ራሱ መሞከር ሲፈቅድ ጉዳዩ ይለወጣል። «ዱም» በዲሴምበር 1993 ሲወጣ የመጀመሪያው ክፍል፣ ዘጠኝ ደረጃዎች በሙሉ፣ በነፃ ይታደል ነበር፤ ሰው ለሰው እየቀዳ ያስተላልፈው ነበር፤ የወደደ ቀሪውን ይገዛል። ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ የሽያጭ መንገድ አላውቅም። ዛሬም ስቲም በዓመት ጥቂት ጊዜ በሚያዘጋጀው ኔክስት ፌስት ላይ ያልወጡ ጌሞች ናሙና በነፃ ይቀርባል። ከጁን 2015 ጀምሮ ደግሞ ስቲም ላይ የተገዛ ጌም በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወቱበት ከሆነ ያለ ምክንያት ይመለሳል። ሁለቱን ሰዓት ግን ብዙ ሰው ገጸ ባሕሪውን በማስዋብ ይጨርሰዋል። ፊት አፍንጫ መምረጡን ለሌላ ቀን ይተዉት። መጀመሪያ ምስሉ ማሽንዎ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ይዩ፣ ጽሑፉ ከሶፋ ላይ ሆኖ ይነበብ እንደሆነ ያረጋግጡ፣ ከዚያ ጌሙ ሥራዬ ብሎ የሚደጋግመው ነገር ላይ፣ ውጊያው ከሆነ ውጊያው ላይ፣ በቶሎ ይድረሱ። ሶኒ ግን እንዲህ ለጋስ አይደለም፤ በፕሌይስቴሽን መደብር የተገዛ ጌም ማውረድ ከተጀመረ በኋላ በተለመደው አሠራሩ አይመለስም። ስለዚህ ያው ጌም በዚያው ዋጋ በሁለት መደብሮች ሲሸጥ፣ የሚመለስበት መደብር ላይ ያለው በእርግጥ ርካሽ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያልተጻፈ ዋጋም አለ። በ2017 «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» በ60 ዶላር ተሽጦ፣ ታዋቂዎቹን ገጸ ባሕርያት ለማግኘት በአሥሮች የሚቆጠር ሰዓት መጫወት ወይም ምን እንደያዘ ሳይታወቅ የሚገዛ ሣጥን በገንዘብ መክፈት ይጠይቅ ነበር። የገዢው ቁጣ አሳታሚውን ኩባንያ ወደኋላ መለሰው፤ በተከታዩ ዓመት የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እንዲህ ዓይነቶቹን ሣጥኖች ሕገ ወጥ ቁማር ብሎ ፈረጃቸው። በእግር ኳስ ጌሞች ላይ ግን የተጫዋች ካርድ የሚገኝበት ጥቅል ግዢ እስካሁን አለ፤ ልጅ «ጌም ግዛልኝ» ሲል በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ ያለ ወላጅ መጠየቅ ያለበት አንዱ ጥያቄ፣ ጌሙ ከተገዛ በኋላ ምን ያስገዛል የሚለው ነው። የእግር ኳስ ጌም በየዓመቱ ይወጣል፤ በየዓመቱም ለውጡ ጥቂት ነው። መስከረም አካባቢ በሙሉ ዋጋ የተሸጠው ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቅናሽ ይደረግበታል።

አገር ቤት ላለ ገዢ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ልጆች የሚከፍሉት በጨዋታ ነው፤ ጌሙን መግዛት ሳያስፈልጋቸው ይሞክሩታል፤ ከ«ዱም» ዘመን ናሙና የማይተናነስ ዕድል ነው። ለባለቤቱ ግን አንድ የእግር ኳስ ጌም ከጠዋት እስከ ማታ በብዙ እጅ ስለሚያልፍ፣ ለአንድ ሰው ውድ የሆነው ለእሱ ርካሽ ነው። ለብቻ ተቀምጠው የሚጫወቱት ረጅም የታሪክ ጌም፣ የዓለም ገምጋሚ ሁሉ ቢያወድሰውም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ገንዘብ አያመጣም።

በራሱ ማሽን ለሚጫወት፣ ማውረዱም ዋጋ ነው። «ባልደርስ ጌት 3» 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፤ ይህን በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው የኢንተርኔቱን ሒሳብ ከጌሙ ዋጋ ጋር ደምሮ ማየት ግድ ነው። የዘመኑ የፕሌይስቴሽን ዲስክ በአንጻሩ በአብዛኛው በየትኛውም አገር ቢገዛ ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ከተጫወቱበት በኋላ ይሸጣል ወይም በሌላ ይለወጣል። በ50 ዶላር ተገዝቶ በ30 የሚሸጥ ዲስክ ያስወጣው 20 ነው። በኢንተርኔት የተገዛው ግን ለሌላ አይተላለፍም።

የአገር ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው «ሄልዳይቨርስ 2» በዓለም ሁሉ በስቲም ሲሸጥ ቆይቶ፣ ሶኒ በሜይ ወር ተጫዋቾች የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት የግድ እንዲያገናኙ አዘዘ። ያ አካውንት ደግሞ አብዛኛውን አፍሪካ ጨምሮ ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ውስጥ በሕጋዊ መንገድ አይከፈትም። ገንዘባቸውን ከፍለው ወራት የተጫወቱ ሰዎች ከጨዋታቸው ሊባረሩ ሆነ። ተቃውሞው ሲበረታ ሶኒ ትእዛዙን በቀናት ውስጥ አነሳ። የእኛ አገር ገዢ ከመክፈሉ በፊት ጌሙ ምን አካውንት እንደሚጠይቅና አካውንቱ እዚህ ይከፈት እንደሆነ ማጣራቱ ከማንኛውም ግምገማ ይቀድማል።

በአጠቃላይ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ጌም ሲገዛ የሚገዛው ዕድሜው ጭምር ነው። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጌም ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው፤ ብቻውን መጫወት የሚፈልግ ሰው እንኳ መክፈት አልቻለም። ካሊፎርኒያ በዚያው ዓመት ባወጣችው ሕግ፣ እንዲህ ዓይነት ዲጂታል ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች ገዢው የሚያገኘው ባለቤትነት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት አስገድዳለች። ሶኒ ኦገስት 23 ቀን 2024 በ40 ዶላር ያወጣው «ኮንኮርድ» ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው። ገንዘቡ ለሁሉም ተመልሷል። ነገር ግን መጨረሻው አስቀድሞ ይታይ ነበር፤ ከአንድ ወር በፊት ለሁሉም ክፍት በሆነው የነፃ ሙከራ ላይ እንኳ በስቲም በአንድ ጊዜ የተገኘው ሰው 2,400 ገደማ ነበር። እርስ በርስ የሚጫወቱት ጌም ዋና ዕቃው ሌላው ተጫዋች ነው፤ እሱ ከሌለ የተቀረው ሁሉ ባዶ ሜዳ ነው። የስቲም ጌሞች በየሰዓቱ ስንት ተጫዋች እንዳላቸው ለማንም ክፍት ስለሆነ ይህን ሳያዩ መግዛት አያስፈልግም።

መጠበቅስ? ለብቻ ለሚጫወቱት ጌም፣ በእኔ እምነት፣ መጠበቅ የገዢው ትልቁ ጉልበት ነው። በ2016 «ኖ ማንስ ስካይ» ሲወጣ ቃል ከተገባበት ብዙው ጎድሎ ነበር፤ ሁለት ተጫዋቾች አንድ ቦታ ላይ ቆመው እንኳ አይተያዩም ነበር። ሠሪው ሄሎ ጌምስ ዓመታት ሙሉ በነፃ እየጨመረበት በ2018 እውነተኛ የጋራ ጨዋታ አመጣለት፤ ዛሬ የሚገዛው ሰው በመጀመሪያው ቀን ከገዛው ሰው እጅግ የበለጠ ዕቃ በቅናሽ ያገኛል። ከብዙ ሰው ጋር የሚጫወቱት ጌም ላይ ግን መጠበቅ ራሱ ዋጋ አለው። ጓደኞች ሁሉ በመጀመሪያው ወር ተጫውተው ከሄዱ በኋላ በግማሽ ዋጋ መግባት ትርፍ አይደለም።

እስካሁን ያልኩትን የሚፈትን አንድ ጌም አለ፤ እሱን ሳላነሳ ብሄድ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ቲም ቼሪ የተባለው ትንሽ የአውስትራሊያ ቡድን «ሆሎ ናይት፦ ሲልክሶንግ»ን አወጣ። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚ አልሰጠም። ያልታየውን ቁጠር ባልኩት መሠረት ይህ ሊያስፈራ ይገባ ነበር። ነገር ግን ሌሎች ማስረጃዎች ነበሩ። የቡድኑ የቀድሞ ሥራ፣ በ2017 በ15 ዶላር የተሸጠው «ሆሎ ናይት»፣ በሁሉም ሰው እጅ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በጀርመን ጌምስኮም ትርኢት ላይ ሰዎች በገዛ እጃቸው ተጫውተውታል፤ ዋጋው 20 ዶላር ነው፤ በስቲም ላይ ደግሞ ይመለሳል። ገዢው ሊያጣ የሚችለው ነገር በአራት በኩል ታጥሮ ነበር። በወጣበት ሰዓት የገዢው ብዛት መደብሮቹን አጨናነቃቸው፤ ጌሙም ጥሩ ሆኖ ተገኘ።

ለሁሉም ግን አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተጫወቱት ሲያወድሱት፣ በቻይንኛ የተጫወቱት አብዛኞቹ አሉታዊ አስተያየት ጻፉ፤ ትርጉሙ ጥንታዊ ለመምሰል ሲል ለማንበብ የሚያታክት ሆኖባቸው ነበር። ጌሙን የጠሉት እነሱ ራሳቸው ይህንኑ ምክንያት ጽፈዋል። ስቲም ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት፣ የጌሞችን ነጥብ በየቋንቋው ለይቶ ማሳየት ጀምሮ ነበርና፣ በቻይንኛ መግዛት የፈለገ ሰው የራሱን ቋንቋ ተናጋሪዎች ፍርድ ከጠቅላላው ለይቶ ማየት ቻለ። ቲም ቼሪም ትርጉሙን ለማስተካከል ቃል ገባ።